የተኮረጀ ዋይት ፔፐር፣ የሌለ ቡድን፦ አጠራጣሪ የክሪፕቶ ፕሮጀክቶችን ስለመለየት ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

አዲስ ቶክን፣ ማለትም አንድ ፕሮጀክት የሚያወጣው የክሪፕቶ ገንዘብ፣ በወጣ ቁጥር "ይሄ ነገር ያዋጣል?" የሚል መልእክት ይደርሰኛል። ያዋጣ አያዋጣ እኔ አላውቅም። እኔ የማውቀው የወረቀቱን ጉዳይ ነው። የፕሮጀክቶችን ሰነድ ማንበብና ከየት እንደተገለበጡ መፈለግ ልማድ ሆኖብኛል። ከታች ያሉት ብዙ ጊዜ የሚመጡልኝ ጥያቄዎች ናቸው። ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ዋይት ፔፐር ምንድን ነው? ቢገለበጥስ ምን ችግር አለው?

ዋይት ፔፐር አንድ ፕሮጀክት የትኛውን ችግር እንደሚፈታ፣ እንዴት እንደሚፈታና ቶክኑ ለምን እንዳስፈለገ የሚያስረዳ ሰነድ ነው። በክሪፕቶ ዓለም ልማዱን ያመጣው ቢትኮይን ነው። ሳቶሺ ናካሞቶ በሚል ስም ኦክቶበር 31 ቀን 2008 የወጣው ሰነድ 9 ገጽ ብቻ ነው። መጨረሻው ላይ 8 ምንጮች ተዘርዝረዋል። የአዳም ባክ ሐሽካሽ አለ፣ የዌይ ዳይ ቢ-መኒ አለ፤ ሁለቱም ከቢትኮይን በፊት የቀረቡ ሐሳቦች ናቸው። ይሄ ሁሌም ይገርመኛል። ጸሐፊው ማንነቱን ደብቋል፤ ሐሳቡን ከማን እንደወሰደ ግን አልደበቀም።

መገልበጥን የምጠላው ነውር ስለሆነ ብቻ አይደለም። ሰነድ መጻፍ ከሥራው ሁሉ ርካሹ ነው። ኮዱ ወራት ይፈጃል። ደህንነቱን ማስፈተሽ ገንዘብ ይበላል። ርካሹን ያልሠራ ሰው ውዱን ይሠራል ብዬ ማመን ያቅተኛል። በዚያ ላይ እውነት የሚሠራ ሰው የሚያወራው የራሱ ጣጣ አለው። ይህን ሞከርን አልሆነም፣ እዚህ ጋ ፍጥነት አጣን፣ ያንን ገና አልፈታነውም ይላል። ኮራጅ ጣጣ የለውም። ሰነዱ ራሱ አላስፈለገውም። ያስፈለገው "ሰነድ አለን" ማለት መቻሉ ነው።

ይሄን ያህል የተለመደ ነገር ነው እንዴ?

አዎ። ዎል ስትሪት ጆርናል በ2018 የ1,450 የዲጂታል ኮይን ሽያጮችን ሰነድ መርምሮ 271 ላይ ከባድ የማስጠንቀቂያ ምልክት አግኝቷል። የተገለበጠ ሰነድ፣ "ትርፉ የተረጋገጠ ነው" የሚል ቃል፣ የሌሉ ወይም የሐሰት የሥራ መሪዎች። ያ ዘመን ኮይን እንደ አሸን የፈላበት ነበር። አሁን ብዙ ቶክኖች ጭራሽ ሰነድ ሳይኖራቸው ነው የሚወጡት። እነዚያ ቢያንስ ኩረጃ የለባቸውም።

ኮዱ ግን ለሁሉም ክፍት ነው ይባላል። ታዲያ መውሰድ ምን ነውር አለው?

ጥሩ ጥያቄ ነው፤ ብዙ ሰው የሚምታታበትም እዚህ ጋ ነው። ክፍት ኮድን ወስዶ መጠቀም ኩረጃ አይደለም። የቢትኮይን ኮድ የወጣው ኤምአይቲ በሚባለው ፈቃድ ነው። ማንም ሊወስደው፣ ሊቀይረው፣ ሊሸጠውም ይችላል። የሚጠየቀው አንድ ነገር ነው፤ የባለቤትነት ማስታወቂያውንና የፈቃዱን ጽሑፍ ሳያጠፋ ማቆየት። ላይትኮይን በ2011 የወጣው የቢትኮይንን ኮድ ወስዶ ነው። ይህን ደብቆ አያውቅም። ምን እንደቀየረም በግልጽ ይናገራል፦ በ10 ደቂቃ ፋንታ በየ2.5 ደቂቃው አዲስ ብሎክ (የግብይቶች ጥቅል)፣ በ21 ሚሊዮን ፋንታ 84 ሚሊዮን ኮይን፣ ሌላ ዓይነት የማይኒንግ (አዲስ ኮይን የማምረት) ስልት።

መካከል ላይ የቆሙም አሉ። ሱሺስዋፕ በ2020 ዩኒስዋፕ የሚባለውን የክሪፕቶ መገበያያ ኮድ ወስዶ የራሱን ቶክን ጨመረበትና የዩኒስዋፕን ተጠቃሚዎች ወደ ራሱ መሳብ ጀመረ። ብዙ ሰው ተናደደ። ግን ያደረገው በአደባባይ ነው። በኋላ ያስደነገጠው ጉዳይ ሌላ ነበር። ሼፍ ኖሚ በሚል የብዕር ስም የሚታወቀው መሥራች ወደ 14 ሚሊዮን ዶላር የሚጠጋ የልማት ገንዘብ ወደ ኢተር (ሌላ የታወቀ የክሪፕቶ ገንዘብ) ቀይሮ ወሰደ፤ ከቀናት በኋላ ይቅርታ ጠይቆ መለሰ።

ስለዚህ ኮድ ተወስዶ ሲታይ "ምንጩን ተናግረዋል? ምን ጨመሩ?" ብላችሁ ጠይቁ። ከላይ ያለው የፈቃድ ጽሑፍ ተፍቆ "ከዜሮ ራሳችን የሠራነው ቴክኖሎጂ" የሚል ከተለጠፈበት ነገሩ ተበላሽቷል።

የተገለበጠ ዋይት ፔፐርን እንዴት አውቃለሁ?

መግቢያውን ዝለሉት። ሁሉም መግቢያ ይመሳሰላል፤ "ብሎክቼን (የክሪፕቶ ግብይት የሚመዘገብበት፣ ማንም የሚያየው የጋራ መዝገብ) ዓለምን እየቀየረ ነው" የሚል ነው። በቀጥታ ወደ መካከሉ ሂዱ፤ ቴክኒካል ወደ ሆነው ክፍል። እዚያ አንድ ለየት ያለ ዓረፍተ ነገር ምረጡ። ከ10 እስከ 15 ቃል ይበቃል። በትእምርተ ጥቅስ ውስጥ አድርጋችሁ ጎግል ላይ ፈልጉት። ከተለያየ ገጽ ሦስት አራት ጊዜ ድገሙት። ደቂቃዎች ነው የሚፈጀው። እኔ ካገኘኋቸው ኩረጃዎች አብዛኛው የተያዘው በዚህ ብቻ ነው።

ቀጥሎ የተረሳ ስም ፈልጉ። ከጓደኛው ሲኮርጅ የጓደኛውን ስም አብሮ ስለጻፈው ተማሪ የሚወራውን ቀልድ ታውቁታላችሁ። በክሪፕቶ ቀልድ አይደለም። አንድ ጊዜ የላኩልኝ ሰነድ 13ኛው ገጽ ድረስ አንድ ስም እየጠራ መጥቶ 14ኛው ገጽ ላይ "የእኛ ኔትወርክ" ብሎ የሌላ ፕሮጀክት ስም ጠራ። ስሙን በኮምፒውተሩ "ፈልግና ተካ" ሲቀይሩ በትልቅ ፊደል የተጻፈችው አንዷ አምልጣቸዋለች። ሥዕሎቹን በደንብ እዩ። ጽሑፍን መቀየር ቀላል ነው፤ ሥዕል ውስጥ የተጻፈ ስምን መቀየር ግን ሥራ ይጠይቃል። ሰነፍ ሌባ እዚያ ላይ ይያዛል።

ቀመሮችም ይናገራሉ። ምልክት አለ፣ ምን እንደሚወክል ግን የትም አልተጻፈም። ማብራሪያው የቀረው በዋናው ሰነድ ላይ ነው። "በሥዕል 7 እንደሚታየው" ይላል፤ ሥዕሎቹ አራት ናቸው። የምንጭ ቁጥር 23 ይጠቅሳል፤ ዝርዝሩ 11 ላይ ያበቃል። ከአንድ አንቀጽ ወደ ሌላው ሲታለፍ የፊደሉ ቅርጽ ይለወጣል፣ እንግሊዝኛው አንዴ የፕሮፌሰር አንዴ የጀማሪ ይሆናል።

ፋይሉ ፒዲኤፍ ከሆነ ንብረቶቹ የሚለውን ከፍታችሁ ደራሲና የተፈጠረበት ቀን የሚሉትን ተመልከቱ። አንዳንዴ የሌላ ድርጅት ስም ቁጭ ብሎ ይገኛል። ባዶ ከሆነ ግን ምንም አትደምድሙ፤ ብዙ ሰው ያጠፋዋል።

ከዚያ ማን ማንን ገለበጠ የሚለው ይመጣል። ሁለት ሰነድ ስለተመሳሰለ አዲሱ ኮራጅ ነው ብላችሁ አትቸኩሉ። የኢንተርኔት አርካይቭ ዌይባክ ማሽን የድሮ ገጾችን ከነቀናቸው ያስቀምጣል። የድረ ገጹ ስም መቼ እንደተመዘገበም በሁኢዝ ፍለጋ ይታያል። "ከ2019 ጀምሮ እየሠራን ነው" የሚል ፕሮጀክት የድረ ገጽ ስሙ የተመዘገበው ባለፈው ወር ከሆነ ውሸቱ አንድ ሆነ ማለት ነው።

ቃላቱን ቀያይሮ ቢጽፈውስ? በኤአይ አስጽፎትስ ከሆነ?

ቃል መቀየሪያ ሶፍትዌር የሚጠቀሙ አሉ። እነዚህ ያስቃሉ። ሶፍትዌሩ ቴክኒካል ቃል ከተራ ቃል አይለይም። "አርቴፊሻል ኢንተለጀንስ" የሚለውን አንስቶ "የሐሰት ንቃተ ህሊና" ዓይነት ነገር ይተካበታል። ባለሙያ የሆነ ሰው በዚያ መንገድ የማይጠራው ነገር በዚያ መንገድ ተጠርቶ ካያችሁ ጽሑፉ ታጥቦ የመጣ ነው። ቃል በቃል መፈለግ እዚህ ላይ አይሠራም። የሚሠራው ቅደም ተከተሉን ማስተያየት ነው። የርዕሶቹ ቅደም ተከተል፣ የምሳሌዎቹ ዓይነት፣ የቁጥሮቹ አመራረጥ። ቃል ሲቀየር አጽሙ አይቀየርም።

ኤአይ የጻፈው ይበልጥ ያስቸግራል። ከአንድ ቦታ ስላልተገለበጠ ፍለጋ ላይ አይወጣም። እውነቱን ለመናገር፣ እውነተኛ ፕሮጀክቶችም አሁን ኤአይ ይጠቀማሉ፤ ያ ብቻውን ወንጀል አይደለም። እኔ የማየው ዝርዝሩን ነው። በሰከንድ ስንት ግብይት? በምን ኮምፒውተር ላይ ተለክቶ? ማን ለካው? ቶክኑ ባይኖር ሥራው ይቆማል? ሃያ ገጽ አንብቤ ልከራከርበት የምችል አንድ ነገር ካጣሁ ሰነዱ ስለ ምንም አልተናገረም።

ትሮን የሚባለው የክሪፕቶ ኔትወርክም በኩረጃ ተከሶ የለ? እሱ ግን አሁንም አለ።

ልክ ናችሁ። በጃንዋሪ 2018 የአይፒኤፍኤስና የፋይልኮይን (ፋይሎችን በብዙ ኮምፒውተሮች ላይ የሚያስቀምጡ ፕሮጀክቶች) መሥራች ሁዋን ቤኔት የትሮንን ሰነድ ከራሳቸው ሰነድ ጎን ለጎን አስቀምጦ ትዊተር ላይ አወጣው። ገጾቹ ቁርጥ መንትያ ነበሩ። የትሮን መሥራች ጀስቲን ሰን መልስ ዋናው ሰነድ በቻይንኛ እንደሆነና ሌሎቹን ቋንቋዎች በጎ ፈቃደኞች እንደተረጎሟቸው የሚል ነበር። መልሱን አሳማኝ ሆኖ አላገኘሁትም። ትሮን ግን ሥራውን ቀጠለ። ዛሬ ብዙ ዩኤስዲቲ (ዋጋው ከዶላር ጋር የተያያዘ ክሪፕቶ) የሚተላለፈው በእሱ ኔትወርክ ላይ ነው።

ይህን የማነሳው ለራሴም ማስታወሻ እንዲሆን ነው። ኩረጃ ሲገኝ "ይሄ ሰነድ ላይ ልተማመን አልችልም" ማለት ይቻላል። "በሚቀጥለው ሳምንት ላሽ ይላሉ" ማለት ግን ሌላ ነገር ነው። ያንን ለማለት ሌሎች ምልክቶች ያስፈልጋሉ።

የቡድኑ አባላት እውነተኛ ሰዎች መሆናቸውን በምን ላጣራ?

ፎቷቸውን አውርዳችሁ በምስል ፍለጋ ፈልጉ። በ2018 ሚሮስኪ የሚባል ፕሮጀክት የግራፊክ ዲዛይነራችን ብሎ የለጠፈው ፎቶ የሆሊዉድ ተዋናዩ የራያን ጎስሊንግ ነበር። እንዲህ ያለ ድፍረት! ያን ያህል የታወቀ ፊት ተጠቅመውም ገንዘብ ሰብስበናል ይሉ ነበር።

የሴንትራ ቴክ ግን አያስቅም። በ2017 ከ25 ሚሊዮን ዶላር በላይ ሰበሰቡ። ከቪዛና ከማስተርካርድ ጋር እንሠራለን አሉ። የሃርቫርድ ዲግሪና ከ20 ዓመት በላይ የባንክ ልምድ ያለው ማይክል ኤድዋርድስ የሚባል ዋና ሥራ አስኪያጅ አለን አሉ። እንዲህ ያለ ሰው አልነበረም። ከቪዛና ከማስተርካርድ ጋር ውልም አልነበራቸውም። ቦክሰኛው ፍሎይድ ሜይዌዘርና ዲጄ ካሊድ አስተዋውቀውላቸዋል። መሥራቾቹ በ2018 ተይዘው በኋላ ተፈርዶባቸዋል። አንድ ሰው ቀድሞ ለቪዛ ኢሜይል ልኮ "እነዚህን ታውቋቸዋላችሁ?" ቢል ኖሮ ነገሩ ያን ጊዜ ያበቃ ነበር። አጋርነትን ማጣራት የሚገባው ከአጋሩ ወገን ነው። የድርጅት አርማ ድረ ገጽ ላይ መለጠፍ ማንም ይችላል።

አሁን ደግሞ ኤአይ የሠራቸው ፊቶች አሉ። በምስል ፍለጋ አይገኙም፤ የሌሉ ሰዎች ናቸውና። ያኔ ሰውየውን ተዉትና ታሪኩን ፈልጉ። ድሮ የሠራበት ቦታ ያውቀዋል? ከዚህ ፕሮጀክት በፊት የጻፈው፣ የተናገረበት፣ የተከራከረበት ነገር አለ? የአስር ዓመት ልምድ ያለው ፕሮግራመር ከሦስት ወር በፊት ኢንተርኔት ላይ ፈጽሞ ከሌለ ያጠራጥራል።

"ሳቶሺም እኮ ስሙን አልተናገረም" የሚሉኝ አሉ። ልዩነት አለው። "ማን እንደሆንኩ አልናገርም፣ ኮዱን እዩት" ማለት አንድ ነገር ነው። ያልሆኑትን ሰው ነኝ ማለት ሌላ። ሳቶሺ የማንንም ገንዘብ አልሰበሰበም።

ፕሮግራመር አይደለሁም። ኮድ በሚቀመጥበት ጊትሀብ ላይ ምን ልይ?

ኮዱን ማንበብ አይጠበቅባችሁም። ታሪኩን እዩ። እውነተኛ ሥራ የተበጣጠሰ ነው። ዛሬ ትንሽ፣ ነገ ትንሽ፣ የተሳሳተ ነገር ይታረማል፣ ሰዎች ይጨቃጨቃሉ። ሙሉው ኮድ በአንድ ቀን ተጭኖ ከዚያ ወዲህ ማንም ካልነካው ከሌላ ቦታ የመጣ ሳይሆን አይቀርም። "ፎርክ" የሚል ጽሑፍ ከስሙ በታች ካለ ምንጩን ይነግራችኋል፤ ከሌለ ግን አልተወሰደም ማለት አይደለም። ደግሞ ተጠንቀቁ፤ የለውጥ ቀኖች ሊጭበረበሩ ይችላሉ። ቀኑን የሚሞላው የጸሐፊው ኮምፒውተር ነው።

"ኦዲት ተደርጓል" ይላል። አይበቃም?

አይበቃም። በመጀመሪያ ማኅተሙን ተዉና ወደ ኦዲተሩ ድረ ገጽ በራሳችሁ ግቡ። በፕሮጀክቱ ሊንክ አትሂዱ። ሪፖርቱ እዚያ አለ? የተፈተሸው የኮንትራት (ቶክኑን የሚያንቀሳቅሰው ፕሮግራም) አድራሻ አሁን ከሚሸጠው ጋር አንድ ነው? አንዱን አስፈትሾ ሌላውን መሸጥ የታወቀ ዘዴ ነው። ከዚያ ሪፖርቱን አንብቡ። "ባለቤቱ ያልተወሰነ ቶክን ማተም ይችላል፤ አልተስተካከለም" የሚል በጥቁርና ነጭ ተጽፎ ሰው ማኅተሙን ብቻ አይቶ የገዛበት ጊዜ ብዙ ነው።

ዋጋው በየሰዓቱ እየጨመረ ነው። ሁሉም ሲያተርፍ እኔ ብቻ ቀረሁ።

ሁሉም እያተረፈ መሆኑን በምን አወቃችሁ? የሸጠ ሰው አይታችኋል?

በኦክቶበር 2021 ስኩዊድ የሚባል ቶክን ወጣ። በዚያን ጊዜ ዓለም ሁሉ ያየው የነበረውን የኔትፍሊክስ ድራማ ስም ተበድሮ ነው፤ ኔትፍሊክስ አያውቀውም። ከአንድ ሳንቲም ተነስቶ በቀናት ውስጥ ከ2,800 ዶላር አለፈ። ምክንያቱ ቀላል ነበር። መግዛት ይቻላል፣ መሸጥ አይቻልም። የማይሸጥ ነገር ዋጋው ወደ ላይ እንጂ ወዴት ይሄዳል? ሰው ዋሌቱን (የክሪፕቶ ቦርሳውን) እየከፈተ ሚሊዮን ያያል፤ ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ። ኖቬምበር 1 ቀን ሠሪዎቹ መገበያያው ገንዳ ውስጥ የነበረውን ወደ 3.3 ሚሊዮን ዶላር ጠርገው ሄዱ። ዋጋው ዜሮ ገባ። ሰነዳቸው በስህተት የተሞላ ነበር፤ ድረ ገጻቸውም እንዲሁ።

ስለዚህ እንደ ኢተርስካን ያለ የብሎክቼን መመልከቻ ገጽ ላይ የኮንትራቱን አድራሻ አስገቡ። የሚሸጡ የተለያዩ ዋሌቶች አሉ ወይስ ገዢ ብቻ? ከጠቅላላው ቶክን ምን ያህሉ በጥቂት ዋሌቶች እጅ ነው? ሊኩዊዲቲው፣ ማለትም ገንዳው ውስጥ ያለው ገንዘብ ተቆልፏል? እስከ መቼ? ለሦስት ቀን የተቆለፈም "ተቆልፏል" ይባላል። ባለቤቱ ደንቡን መቀየር የሚችል ከሆነ ዛሬ ትንሽ ገዝቶ ሸጦ መሞከር ዋስትና አይሆንም፤ ነገ ሊዘጋው ይችላል።

በቀን 1 በመቶ ትርፍ ይሰጣሉ። ብዙ አይደለም እኮ።

ካልኩሌተር አውጡ። 100 ዶላር በየቀኑ 1 በመቶ እየጨመረ ትርፉም እየተጨመረበት ቢሄድ በዓመቱ ወደ 3,778 ዶላር ይሆናል። በሦስት ዓመት ከ5 ሚሊዮን ዶላር ይበልጣል። ይህን የሚያደርግ ማሽን ያለው ሰው የእናንተን 100 ዶላር ምን ሊያደርግለት ነው?

ቢትኮኔክት እንዲህ ዓይነት ትርፍ ነበር የሚያወራው። የሚነግድላችሁ ሮቦት አለን ይሉ ነበር። ኮይኑ በ2017 መጨረሻ ከ400 ዶላር አልፎ ነበር። በጃንዋሪ 2018 ከሰው ገንዘብ የሚቀበሉበትን የማበደሪያ አገልግሎት ዘጉት፤ ዋጋው ወዲያው ተንኮታኮተ። የአሜሪካ ዓቃቤ ሕግ እንደሚለው የተጭበረበረው 2.4 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ነው፤ የቀደሙት ሰዎች ትርፍ የሚከፈለው ከኋለኞቹ ገንዘብ ነበር።

ያስተዋወቀኝ በጣም የማምነው ሰው ነው። እሱ እንዴት ይዋሸኛል?

አይዋሽም። ያመነበትን ነው የነገራችሁ። ችግሩ እዚያ ላይ ነው። ብዙ ጊዜ ሰው ሲያመጣ ኮሚሽን ይከፈለዋል፤ የመጀመሪያውን ትርፍም አውጥቶ ይሆናል። ለእሱ ሠርቷል። ዋንኮይን ከ2014 ጀምሮ ያደገው በዚህ መንገድ ነው። ጓደኛ ለጓደኛ፣ ዘመድ ለዘመድ። ብሎክቼን አለን ይሉ ነበር፤ እውነተኛ ብሎክቼን አልነበራቸውም። ዋጋውን የሚወስኑት ራሳቸው ነበሩ። ከ4 ቢሊዮን ዶላር በላይ ሰበሰቡ። መሥራቿ ሩጃ ኢግናቶቫ በኦክቶበር 2017 ተሰወረች፤ በ2022 ኤፍቢአይ እጅግ ከሚፈልጋቸው አስር ሰዎች ዝርዝር ውስጥ አስገብቷታል።

ወዳጃችሁን ሳታስቀይሙ ልትጠይቁት የምትችሉት አንድ ነገር አለ። "ግብይቱን ከኩባንያው ድረ ገጽ ውጭ በየትኛው የሕዝብ መመልከቻ ላይ ላየው እችላለሁ?" መልሱ "በራሳቸው አፕ ላይ ይታያል" ከሆነ ብሎክቼን አይደለም። አንድ ሰው የሚሞላው ሰንጠረዥ ነው።

ታዋቂ ሰው ካስተዋወቀውስ?

ተከፍሎት ነው። ኪም ካርዳሺያን ኢተርየምማክስ ስለሚባል ቶክን አንድ ጽሑፍ ለመለጠፍ 250,000 ዶላር ተከፍሏት ይህን በግልጽ ባለመናገሯ በ2022 ለአሜሪካ የሴኪውሪቲስና ኤክስቼንጅ ኮሚሽን 1.26 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማምታለች። ወይም ደግሞ ጭራሽ እሱ አይደለም። በጁላይ 2020 የኦባማ፣ የቢል ጌትስና የኢሎን መስክ የትዊተር ገጾች ተጠልፈው "ቢትኮይን ላኩልኝ፣ እጥፉን እመልሳለሁ" የሚል ተለጥፎባቸዋል። አሁን ቪዲዮውም ድምፁም በኤአይ ይሠራል።

ቡድኑን በቀጥታ ቴሌግራም ላይ ብጠይቃቸውስ?

ጠይቁ! እኔ በጣም የምወደው ፈተና ነው። "ጥሩ ፕሮጀክት ነው ወይ?" አትበሉ። አንድ ነጠላ ነገር ያዙ። "ገጽ 11 ላይ ያለው ቀመር ውስጥ ይህ ምልክት ምንድን ነው?" ወይም "ይሄ አንቀጽ ከዚህኛው ሰነድ ጋር ቃል በቃል አንድ ነው፤ ለምን?" የሠራው ሰው እንዲህ ያለ ጥያቄ ያስደስተዋል፤ ማስረዳቱን አያቆምም። ያልሠራው "ፈድ አትንዛ" ይላል፣ ማለትም ወሬ እየነዛህ አታስፈራራ። አምስት ሰዎች በአንድ ጊዜ "ፕሮጀክቱ ወደ ጨረቃ እየሄደ ነው" ብለው ጥያቄያችሁን ወደ ላይ ይገፉታል። ከዚያ ትባረራላችሁ። እኔን ያንን የ14ኛ ገጽ ስም ጠይቄ በሁለት ደቂቃ ውስጥ ነው ያባረሩኝ። ድረ ገጹ ላይ ያለው ሰነድ ግን በማግስቱ ታርሟል። ለነገሩ አመሰግናለሁ እንኳ አላሉኝም።

ስለዚህ ከመጠየቃችሁ በፊት ገጹን አርካይቭ ላይ አስቀምጡ፤ ሰነዱንም አውርዱ።

አጣርቼ ምንም ኩረጃ ካላገኘሁስ? ንጹህ ነው ማለት ነው?

አይደለም። ቴራ የሚባለው የክሪፕቶ ፕሮጀክት የራሱ ሐሳብ ነበረው፣ ፊታቸው የሚታይ ሰዎች ነበሩት፣ ብዙ ባለሀብት ነበረው። አንከር በሚባለው አገልግሎቱ በዓመት 20 በመቶ የሚጠጋ ወለድ ይከፍል ነበር። በሜይ 2022 በቀናት ውስጥ ፈረሰ፤ ወደ 40 ቢሊዮን ዶላር የሚገመት ዋጋ ተነነ። ዋይት ፔፐሩ ላይ የቱንም ያህል ኩረጃ ብትፈልጉ ፍለጋው ችግሩን አይነግራችሁም። የኩረጃ ፍለጋ ቀሽሞቹን ያጠራል። ጎበዞቹን አይነካቸውም።

ለመለማመድ የሚረዳ አንድ ደስ የሚል ነገር ልንገራችሁ። ካርዳሺያንን ያስከፈለው የአሜሪካ ኮሚሽን በ2018 ሃዊኮይንስ የሚል የውሸት የኮይን ሽያጭ ድረ ገጽ ራሱ ሠርቶ ነበር። ዋይት ፔፐር፣ ታዋቂ ሰዎች፣ የሚቆጥር ሰዓት፣ ሁሉም ነበረው። "አሁን ግዛ" የሚለውን የተጫነ ሰው የሚደርሰው ስለ ማጭበርበር የሚያስተምር ገጽ ላይ ነው። የመንግሥት መሥሪያ ቤት እንዲህ ይቀልዳል ብዬ አላስብም ነበር።

ገንዘቤን ቀድሜ አስገብቻለሁ። አሁን ምን ላድርግ?

መጨመር አቁሙ። በተለይ "ለማውጣት መጀመሪያ ታክስ ክፈሉ" ካሏችሁ አትክፈሉ። ከከፈላችሁ በኋላ ሌላ ክፍያ ይመጣል።

ዋሌታችሁን ከድረ ገጻቸው ጋር አገናኝታችሁ ከሆነ የሰጣችሁትን ፈቃድ ሰርዙ። ዋሌቱን የሚከፍቱትን 12 ወይም 24 የሚስጥር ቃላት የትም ቦታ አስገብታችሁ ከሆነ ግን ፈቃድ መሰረዝ አይበቃም፤ አዲስ ዋሌት ክፈቱና የቀረውን ወዲያው አዛውሩ። ከዚያ ማስረጃ ሰብስቡ። የግብይት መለያ ቁጥሮች፣ የዋሌት አድራሻዎች፣ የመልእክት ልውውጥ፣ የዋይት ፔፐሩ ቅጂ። ገጾቹ ከመጥፋታቸው በፊት። የላካችሁት በታወቀ መገበያያ በኩል ከሆነ ለእነሱም ለፖሊስም በዚያው ቀን አሳውቁ።

ማፈር የለባችሁም። አታፍሩም ግን አልልም፤ ያጋጥማል። እኔም ከዓመታት በፊት አንድ ጊዜ ተበልቻለሁ፤ ለማንም ሳልናገር ወራት ቆይቻለሁ። ዝምታዬ የጠቀመው እነሱን ነው።

ቀጥሎ ስልካችሁ ላይ ሌላ ሰው ይመጣል። "የጠፋ ክሪፕቶ እናስመልሳለን" ይላል። የተበሉ ሰዎች ስም ዝርዝር ይሸጣል፤ ከእሱ ነው ያገኛችሁ። የመጀመሪያ ክፍያ ይጠይቃል። ድረ ገጹ ላይ "ገንዘቤን አስመለሱልኝ" የሚሉ የደንበኞች ምስክርነቶች አሉ። አንዱን ኮፒ አድርጋችሁ በትእምርተ ጥቅስ ውስጥ ጎግል ላይ ፈልጉት። ያው ምስክርነት በሌሎች ድረ ገጾች ላይ በሌላ ስም፣ በሌላ ፎቶ ተለጥፎ ብታገኙት አይግረማችሁ።